ቅንጣቶቹን የሚያሰልፋቸው ማን ነው?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ናኖ ሳይንስ የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው አንድ ተደጋጋሚ መልክ ማስተዋሉ አይቀርም። የአንድ ተክል ቅጠል ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በውኃ ይፈላል። ጭማቂው በብር ወይም በዚንክ ጨው ሙሙት ላይ ይጨመራል፤ ቀለሙ ይለወጣል። የተገኘው ዱቄት በኤክስሬይ ይመረመራል፤ በመጨረሻም ባክቴሪያ መግደል አለመግደሉ ይፈተሻል። ሥራው የሚናቅ አይደለም። ወጪው አነስተኛ ነው፣ መርዛማ ኬሚካሎችን ይቀንሳል፣ ተማሪውንም ከሙከራ ጋር ያስተዋውቃል። ይሁንና ቅንጣቶቹ ለምን በዚያ መጠን ላይ ቆሙ? ክብ የሆኑት ለምንድን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «በቅጠሉ ውስጥ በሚገኙ ፊኖሎች፣ ፍላቮኖይዶችና ፕሮቲኖች አማካይነት» የሚል ጥቅል ቃል ይሆናል። ከእነዚህ መካከል የትኛው? በምን ያህል መጠን? የክሪስታሉን የትኛውን ገጽ ይዞ? ጥያቄው በዚያው ተዳፍኖ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። በናኖ ሳይንስ ውስጥ ትልቁ ዕውቀት ቅንጣቱን ማግኘቱ ሳይሆን፣ ቅንጣቱን የቀረጸውንና ያሰለፈውን ሞለኪውል ለይቶ ማወቁ ነው። ለዚህ ዕውቀት ደግሞ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የሚገኝ ተማሪ ውድ መሣሪያ ተገዝቶ እስኪተከል ድረስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይኖርበትም። ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይሻላል። ምሳሌው የሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም የከፊል አስተላላፊ፣ ናኖክሪስታሎች በሞለኪውሎች እየተመሩ ራሳቸውን በራሳቸው ደርድረው ሽቦ የሚሆኑበት ክስተት ነው።

በመጀመሪያ ስለ መጠኑ እንነጋገር። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የአንዲት የጥጥ ጭረት ውፍረት ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ይገመታል። 5 ናኖሜትር ስፋት ያላቸውን ቅንጣቶች ጎን ለጎን ብንደረድር፣ ይህችን አንዲት ጭረት በወርዷ ለመሸፈን ከ2000 እስከ 4000 የሚደርሱ ቅንጣቶች ያስፈልጉናል ማለት ነው። በዚህ መጠን ላይ ያለ ከፊል አስተላላፊ እንደ ትልቁ ወንድሙ አይደለም። ኤሌክትሮኑ የሚንቀሳቀስበት ስፍራ እጅግ ስለሚጠብ በኃይል እርከኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። በመሆኑም ያው አንዱ ውሁድ፣ ለምሳሌ ካድሚየም ሰሌናይድ፣ ወደ 2 ናኖሜትር ሲሆን ሰማያዊ፣ ወደ 6 ናኖሜትር ሲያድግ ደግሞ ቀይ ብርሃን ያመነጫል። ንጥረ ነገሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሌክሲ ኤኪሞቭ በሶቪየት ኅብረት በመስታወት ውስጥ፣ ሉዊስ ብሩስ ደግሞ በአሜሪካ በፈሳሽ ውስጥ አስተዋሉ። ሙንጊ ባዌንዲና ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ቅንጣቶቹን በአንድ ወጥ መጠን የማምረቻውን ዘዴ አሳዩ። ሦስቱም የ2023ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ታዲያ ሽቦ ለምን አስፈለገ? ክብ ቅንጣት ኤሌክትሮኑን በሁሉም አቅጣጫ ያስረዋል። ሽቦ ግን በሁለት አቅጣጫ አስሮ በአንዱ ይለቀዋል። ስለሆነም የሽቦው ውፍረት ቀለሙንና የኃይል ክፍተቱን ሲወስን፣ ርዝመቱ የኤሌክትሪክ ሙል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንዲጓዝ መንገድ ይሰጣል። ለፀሐይ ኃይል መቀበያ፣ ለብርሃን ዳሳሽ፣ ለጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ተፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ የኮምፒዩተር ቺፕ የሚሠራው ላሊበላ ከአለት ተፈልፍሎ በወጣበት መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ወጥ የሲሊኮን ዝርግ ይወሰድና የማይፈለገው ክፍል በብርሃንና በኬሚካል እየተፋቀ ይወጣል። ዘዴው የዓለምን ኢንዱስትሪ ተሸክሞ የቆመ ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰው የማተሚያ መሣሪያ አንዱ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ሁለተኛው መንገድ ከታች ወደ ላይ መገንባት፣ ጥቃቅኑን እየሰበሰቡ ትልቁን ማቆም ነው። ትዕግሥቱ ከፈልፋዩ ይልቅ ከሸማኔው ጋር ይቀራረባል።

በዚህ ሁለተኛ መንገድ ላይ ከተሠሩት ሁሉ ለተማሪ ይበልጥ የሚያስተምረው፣ በእኔ አስተያየት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ዢዮንግ ታንግ፣ ኒኮላስ ኮቶቭና ሚካኤል ጊርሲግ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ከካድሚየም ቴሉራይድ የተሠሩ ጥቂት ናኖሜትር የሚሆኑ ቅንጣቶችን በውኃ ውስጥ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ቅንጣት ታዮግላይኮሊክ አሲድ የተባለ አነስተኛ ሞለኪውል ለብሷል። የዚህ ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ሰልፈር ስለሆነ በቅንጣቱ ገጽ ላይ ያለውን ካድሚየም አጥብቆ ይይዛል። ሌላው ጫፍ ካርቦክሲል ሲሆን በውኃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ይይዛል። ሁሉም ቅንጣቶች አሉታዊ ሙል በመልበሳቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህም ሳይጣበቁ በውኃው ውስጥ ተበትነው ይኖራሉ።

ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ሜታኖል ጨምረው ቅንጣቶቹን በማዝቀጥ ከልብሱ ከፊሉን አወለቁ፤ ከዚያም ፒኤች 9 በሆነ ውኃ ውስጥ መልሰው በትነው በክፍል ሙቀት፣ በጨለማ አስቀመጡት። ከቀናት በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅንጣቶቹ በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ተሰልፈው ነበር። ቆይቶም ዶቃዎቹ እርስ በርስ ተዋሕደው አንድ ወጥ ክሪስታል የሆነ ሽቦ ሆኑ። የሽቦው ውፍረት ከመነሻዎቹ ቅንጣቶች ውፍረት ጋር ተስተካከለ። የአተሞቹ አደራደር እንኳ ሳይቀር ከአንድ የክሪስታል ዓይነት ወደ ሌላ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። እጅ አልነካቸውም፣ ማሽን አልጎተታቸውም። ያሰለፋቸው ምንድን ነው? ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ እያንዳንዱ ቅንጣት የኤሌክትሪክ ዳይፖል አለው የሚል ነው። አንዱ ጎኑ ወደ አዎንታዊ፣ ሌላው ወደ አሉታዊ ያደላል። ልክ ሁለት ማግኔቶች ጫፍ ለጫፍ እንደሚፈላለጉ ቅንጣቶቹም በአንድ መስመር መያያዝን ይመርጣሉ። ዳይፖሉ ግን ከመጀመሪያውም ነበረ። በሙሉ ልብሳቸው ሳሉ ያልተሰለፉት መገፋፋቱ ስለበረታ ነው። ልብሱ ከልክ በላይ ቢወልቅ ኖሮ ደግሞ በየአቅጣጫው እየተጣበቁ እንደ ተጓጎለ ሽሮ በሆኑ ነበር። ሽቦው የተገኘው በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ስፍራ ነው። ያችን ስፍራ የምትወስነውም የታዮግላይኮሊክ አሲድ ብዛት ናት። የሙከራው ቁልፍ መያዣው፣ የውድቀቱም የስኬቱም ምክንያት፣ በስሙ የሚታወቅ፣ ሁለት የካርቦን አተሞች ብቻ ያሉት ሞለኪውል ነው። «በቅጠሉ ውስጥ ባሉ ውሁዶች አማካይነት» በሚል አገላለጽ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሰልፉ በእኛ ፈቃድ፣ በምንፈልገው ርዝመትና አቅጣጫ ሊሆን ይችላል ወይ? የሚለው ነው። የሞለኪውል አብነት የሚባለው ሐሳብ የገባው በዚህ በር ነው። ሸማኔ ማጉን ከመወርወሩ በፊት ድሩን ይዘረጋል፤ ማጉ የሚሄድበትን የሚያውቀው ድሩ ስላለ ነው። በናኖ ዓለም ድር ሆነው ያገለገሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ቀዳሚው ዲኤንኤ ነው። ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ሲሆን በየ0.34 ናኖሜትሩ ሁለት የፎስፌት አሉታዊ ሙሎች ተደርድረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጄፈሪ ኮፈርና ባልደረቦቹ ክብ የሆነ ዲኤንኤ ወስደው የካድሚየም ሰልፋይድ ቅንጣቶችን በላዩ ቢያበቅሉ ሰልፉም የዲኤንኤውን ቅርጽ ተከተለ። በ1998 ደግሞ በእስራኤል ቴክኒዮን ኤሬዝ ብራውንና ባልደረቦቹ ዲኤንኤን በሁለት የወርቅ ኤሌክትሮዶች መካከል ዘርግተው የብር አየኖችን በላዩ ሰበሰቡ፤ አየኖቹንም ወደ ብረትነት በመለወጥ 12 ማይክሮሜትር ርዝመትና 100 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ሠሩ። ብር ከፊል አስተላላፊ አይደለም፤ ሆኖም ከዚህ ሥራ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ሽቦው ከአብነቱ 50 ጊዜ ወፍሯል። አብነቱ አቅጣጫውን ወሰነ እንጂ ውፍረቱን አልወሰነም። አብነት አለኝ ማለት ሁሉም ነገር በእጄ ነው ማለት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አንጀላ ቤልቸር የሄደችበት መንገድ ከዚህ የረቀቀ ነው። የባሕር ቀንድ አውጣ ከካልሲየም ካርቦኔት ጠንካራ ቅርፊት የሚሠራው በፕሮቲኖች እየተመራ መሆኑን አጥንታ ስለነበር፣ ከፊል አስተላላፊን የሚያውቅ ፕሮቲንስ ለምን አይኖርም? የሚል ጥያቄ አነሣች። በተፈጥሮ እንዲህ ያለ ፕሮቲን አልታወቀም ነበር፤ ምክንያቱም ሕያዋን ፍጥረታት ጋሊየም አርሴናይድን አይገነቡም። እርሷና ባልደረቦቿ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ የተለያዩ አጫጭር ፔፕታይዶችን የተሸከሙ ቫይረሶችን በክሪስታሉ ገጽ ላይ አፍስሰው አጠቡ። የተጣበቁትን ለቅመው አራቡ፤ እንደገና አፈሰሱ፣ እንደገና አጠቡ። ከጥቂት ዙር በኋላ የቀሩት ያንን ገጽ ለይተው የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። በ2004 ደግሞ የተመረጡትን ፔፕታይዶች ኤም 13 በተባለው፣ ባክቴሪያን ብቻ በሚያጠቃ ቫይረስ ገላ ላይ ሙሉ ለሙሉ አለበሱት። ቫይረሱ ወደ 880 ናኖሜትር ርዝመትና ከ7 ናኖሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለው ቀጭን ዘንግ ነው፤ በጎኑ ላይም አንድ ዓይነት ፕሮቲን 2700 ያህል ጊዜ ተደጋግሞ ተደርድሯል። ዚንክ ሰልፋይድና ካድሚየም ሰልፋይድ በላዩ በተሠሩ ጊዜ ቅንጣቶቹ በሰልፍ ብቻ ሳይሆን ክሪስታላዊ አቅጣጫቸውን አስተካክለው ቆሙ። በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ሲጋገሩ ቫይረሱ ተቃጥሎ ጠፋ፤ ቅንጣቶቹም ተዋሕደው አንድ ወጥ ሽቦ ሆኑ።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ተማሪ ነገ የሲሊኮን ዘመን ያበቃል ብሎ እንዳይጠብቅ አደራ እላለሁ። ከእነዚህ ሥራዎች ሃያ ዓመታት አልፈዋል፤ ቺፕ ግን አሁንም ይፈለፈላል። በፈሳሽ ውስጥ የተሰለፈን ሽቦ ከኤሌክትሮድ ጋር አስተማማኝ በሆነ መንገድ ማገናኘት፣ ከሚሊዮኖቹ መካከል ጉድለት ያለበትን መለየት፣ እያንዳንዱን በታሰበለት ቦታ ማሳረፍ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ቀጥሏል። ወደ ገበያ ቀድመው የገቡት ሽቦዎቹ ሳይሆኑ ክብ ቅንጣቶቹ ናቸው፤ በቴሌቪዥን መስኮቶች ላይ ቀለም ያጠራሉ። ራሱን በራሱ የሚገነባ ቁስ ነጻ ስጦታ አይደለም። ትእዛዙ ከማሽኑ ወደ ሞለኪውሉ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ ሞለኪውሉን የማያውቅ ሰውም ትእዛዙን ሊጽፍ አይችልም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። «ንጹሕ ውኃና አስተማማኝ መብራት ላልተዳረሰው ሕዝብ የናኖ ሽቦ ምኑ ነው?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በተለይ በእኛ አካባቢ ተቃውሞው ክብደት አለው። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ በተያዙ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟልም። ለመሠረታዊ ኬሚስትሪ የሚያስፈልገውን መልሶ ማሟላት ቀዳሚ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም የማነሣው ሐሳብ ከዚህ ጋር አይጋጭም። የምጠይቀው አዲስ ማዕከልና አዲስ ሕንፃ አይደለም። ብልቃጥ፣ ሚዛን፣ ፒኤች መለኪያ፣ ስፔክትሮፎቶሜትርና ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ፋኩልቲ ሲቋቋምም ሆነ ከጉዳት ሲያገግም መጀመሪያ የሚገዛቸው ነገሮች ከጥያቄው በስተቀር እነዚሁ ናቸው።

አብነቱስ ከየት ይገኛል? ዲኤንኤና ቫይረስ ማቀዝቀዣና ንጹሕ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ይፈልጋሉ። እኛ ዘንድ ግን ጥጥ አለ። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተተከለባት ጊዜ ጀምሮ ከጥጥ ጋር የኖረች ከተማ ናት። ጥጥ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሴሉሎስ ነው። በእያንዳንዱ ጭረት ውስጥ የግሉኮስ ሰንሰለቶች በሥርዓት የተደረደሩባቸውና የተዘበራረቁባቸው ክፍሎች እየተፈራረቁ ይገኛሉ። ጥጡ 64 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቆይ፣ አሲዱ የተዘበራረቀውን ክፍል ይበላና ሥርዓት ያለውን ያስቀረዋል። የቀረው ከ100 እስከ 300 ናኖሜትር ርዝመትና ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ነው። የዚህ ዘዴ መሠረት በስዊድን የተጣለው ቤንግት ሮንቢ በተባለ ኬሚስት ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። አሲዱ ሰንሰለቱን መቁረጥ ብቻ ሳይሆን በዘንጉ ገጽ ላይ የሰልፌት ቡድኖችን ይተክላል፤ እነርሱም አሉታዊ ሙል አላቸው። እንግዲህ ዲኤንኤን አብነት ያደረጉት ሁለት ጠባዮች፣ ቀጭን ዘንግነትና የተደረደረ አሉታዊ ሙል፣ በጥጥ ተረፈ ምርት ውስጥም ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ተቋማት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ባወጧቸው ጽሑፎች በሴሉሎስ ናኖክሪስታል ላይ የብረት ቅንጣቶችን፣ ቀጥሎም እንደ ካድሚየም ሰልፋይድና ዚንክ ሰልፋይድ ያሉ ከፊል አስተላላፊዎችን በሰንሰለት መልክ መደርደር እንደሚቻል አሳይተዋል። በሥራቸው ውስጥ አዎንታዊ ሙል ያለው የሳሙና ዘመድ የሆነ ሞለኪውልም ነበረበት። ለእኛ ጥሩ ጥያቄ የሚወለደው ከዚህ ላይ ነው። ቅንጣቶቹን የሚያሰልፋቸው ሰልፌቱ ነው፣ ሳሙናው ነው፣ ወይስ በራሱ በሴሉሎሱ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች?

ጥያቄውን በሙከራ መለየት ይቻላል፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ጥጡ በሰልፈሪክ አሲድ ፋንታ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢቆረጥ ተመሳሳይ ዘንግ ይገኛል፤ ሰልፌት ግን አይኖረውም። እንዲህ ያለው ዘንግ በውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚጓጉል ጥንቃቄና ብዙ ማማሰል ይጠይቃል። የሆነ ሆኖ ሰልፌት ያለው፣ ሰልፌት የሌለውና ጭራሽ ዘንግ የሌለው ሦስት ብልቃጦች ጎን ለጎን ተይዘው፣ በሦስቱም ውስጥ እኩል የዚንክ ጨውና እኩል የሰልፋይድ ሙሙት ቢገባ፣ ልዩነቱ የሚናገረው ነገር አለ። በሌላ ዙር ሳሙናውን ማስቀረት፣ በሌላ ዙር መጠኑን በእጥፍ ማሳደግ ይቻላል። ይህ የአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሥራ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን የተከማቸ አሲድ ያለበትን ይህን ሥራ ከመምህር ውጭ እንዳይሞክሩት አጥብቄ አሳስባለሁ።

ውጤቱን ለመከታተልም ቀላል መንገዶች አሉ። ዘንጎቹ በትክክል መገኘታቸውን ለማወቅ ሙሙቱን ከተበላሸ የካልኩሌተር መስኮት ላይ በተላጡ ሁለት የፖላራይዘር ሽፋኖች መካከል አስቀምጦ ማወዛወዝ በቂ ፍንጭ ይሰጣል። ሽፋኖቹ ተጠላልፈው ሲያዙ ብርሃን አያሳልፉም፤ ዘንጎቹ በፍሰቱ አቅጣጫ ሲተኙ ግን ብርሃኑ በመካከላቸው ብልጭ ይላል። ዚንክ ሰልፋይዱን በተመለከተ፣ ትልቁ ክሪስታል ብርሃን መምጠጥ የሚጀምረው 340 ናኖሜትር በሚጠጋ የሞገድ ርዝመት ነው። ቅንጣቶቹ ትንንሽ ሆነው ከቀሩ ይህ ጠርዝ ወደ አጭር ሞገድ ይሸሻል፤ ተዋሕደው ካደጉ ወደ 340 ይመለሳል። ጥቂት ማንጋኒዝ ቢጨመርበት ደግሞ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚገኘው የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል። እዚህ ላይ ግን ራሳችንን አናታልል። የተሰለፈ ሰንሰለት ገና ሽቦ አይደለም። በቅንጣቶቹ መካከል አንድ ናኖሜትር የምታህል ክፍተት እስካለች ድረስ ኤሌክትሮኑ ይዘላል እንጂ አይፈስም። ዚንክ ሰልፋይድም ቢሆን በባሕርዩ ጥሩ አስተላላፊ አይደለም።

ታዲያ ለምን ካድሚየም አንመርጥም? ብርሃኑ የደመቀ፣ ጽሑፉ የበዛ፣ ዘዴው የተፈተነ ነው። በአገራችንም በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪ የሆኑት ደለለ ወርቁ በታይዋን በነበሩ ጊዜ ከባልደረቦቻቸው ጋር የካድሚየም ሰሌናይድ ቅንጣቶችን በማይክሮዌቭ ኃይል የማምረቻ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። ሥራው የሚያኮራ ነው። ነገር ግን የደሴና የኮምቦልቻ ሁኔታ የራሱ ጥያቄ አለው። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። እስክንድር ዝናቡና ባልደረቦቹ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሚቀበሉ ጅረቶች ላይ ባደረጉት ጥናት ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየምና ከብረታ ብረት ፋብሪካ የሚወጣ ዚንክ ትኩረት የሚሹ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ክትትሉም ደካማ መሆኑን ጽፈዋል። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ተከማችቶ ለዓመታት የሚቆይ መርዝ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ከ0.01 በመቶ በላይ እንዳይገኝ የከለከለው በከንቱ አይደለም። የቤተ ሙከራ ዝቃጭን ለብቻው ሰብስቦ የሚያስወግድ አስተማማኝ ሥርዓት ሳይዘረጋ፣ በዚያ ሸለቆ ላይ ካድሚየም የሚያፈስ የተማሪ ሙከራ መጀመር ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ዚንክም ለዓሣና ለውኃ ነፍሳት ደግ አይደለም፤ ስለዚህ እርሱም ቢሆን በሰልፋይድ መልክ ዘቅጦ፣ ተጠልሎ፣ በጠርሙስ ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባዋል እንጂ ወደ መታጠቢያው ገንዳ መሄድ የለበትም።

የቀረው ዋናው እንቅፋት ማየት ነው። በብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን መለየት አይቻልም። ሰልፉን በእርግጥ አየሁት ለማለት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የግድ ነው። ይህ መሣሪያ ውድ ነው፤ ቋሚ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሠለጠነ ባለሙያም ይፈልጋል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሴ ይኑረኝ ብሎ ቢነሣ ግማሾቹ ያለ ባለሙያና ያለ መለዋወጫ ተቀምጠው አቧራ እንደሚለብሱ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ የቅርብ ታሪክ አለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል እነ ተከተል ዮሐንስ፣ ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ፖሊመሮች ላይ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ለዓመታት ሠርተዋል። እነዚህ ፖሊመሮች ከፊል አስተላላፊ ሞለኪውሎች ናቸው። ኅብረቱ ፍሬያማ የሆነው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ በኩል የሄደው ሰው ሞለኪውሉን አሳምሮ የሚያውቅ ስለነበረ ነው። መሣሪያ ያለው ሰው ጥያቄ ያለውን ሰው ይፈልጋል፤ ባዶ እጁን የሚመጣውን ግን በትሕትና ይሸኘዋል።

በአገር ውስጥም ቢሆን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖ ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አቋቁሟል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሊስማሙበት የሚገባው ነገር ታዲያ የግዥ ዝርዝር ሳይሆን የተራ ሥርዓት ነው። ከየትኛውም ክልል የመጣ ናሙና በወረፋው መሠረት የሚታይበት፣ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ፣ ተማሪው በትውውቅ ደጅ የማይጠናበት አሠራር ያስፈልጋል። ናሙናው ራሱ እንኳ አያስቸግርም። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚዘጋጀው አንዲት ጠብታ ሙሙት የደረቀባት፣ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የመዳብ ወንፊት ናት። በትንሽ ማቀፊያዋ ውስጥ ሆና ከደሴ አዲስ አበባ በፖስታ ልትሄድ ትችላለች። ከዚያ በፊት ግን በኮምቦልቻ ጥጥ የሠራው ተማሪ ሦስት ወንፊቶችን ያዘጋጅ፤ ሰልፌት ያለውን፣ ሰልፌት የሌለውንና ያለ ዘንግ የተሠራውን። በፖስታው ውስጥ ሦስቱም ይግቡ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ምን ሞለኪውል እንዳለና በምን ያህል መጠን እንደገባም ይጻፍባቸው።